«ፎርጅድ» የተባለው መኪናና የወንድሜ ልብ

በእኛ አገር «ኮፒ» የሚባል ነገር ጥሩ ስም የለውም። ኮፒ ጫማ ክረምቱን አይሻገርም፤ ኮፒ ቻርጀር ስልክ ያቃጥላል፤ ፎርጅድ መድኃኒት ደግሞ ሰው ይገድላል። 36 ዓመት በነርስነት ሳገለግል የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ሳላነብ ከፍቼ አላውቅም። ስለዚህ ቨርጂንያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደውሎ «እትዬ፣ ያዘዝኩት ኮፒ መኪና ሊደርስልኝ ነው፤ ስትመጪ አብረን ሄደን እናመጣዋለን» ሲለኝ፣ ደስታውን ከመካፈሌ በፊት «ደግሞ የምን ኮፒ ነው?» አልኩት።

በዚያው ሳምንት ልጁ ደወለችልኝ። ፋርማሲስት ናት፤ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። «አክስቴ፣ አባዬ አንቺን ይሰማል፤ እባክሽ ተው በይልኝ» አለችና ምክንያቶቿን ቆጠረችልኝ። አንደኛ፣ አባቷ 63 ዓመቱ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት የልቡ የደም ሥር ጠብቦ ሁለት ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን ሥር ከፍተው የሚይዙ ትናንሽ የሽቦ ቱቦዎች ገብተውለታል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለእርጅናው ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ልጇ አያቱ የሄደበት ካልሄድኩ የሚል ነው፤ መኪናው ደግሞ ጣሪያም ኤርባግም የለውም። አባትና ልጅ በዚህ ነገር ተኳርፈው ለሦስት ሳምንት እንዳልተነጋገሩ የሰማሁት እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ውድ አንባብያን፣ እኔ ስለ መኪና ዐዋቂ አይደለሁም፤ መንጃ ፈቃድም የለኝም። ነገር ግን ወላጅ ሲያረጅ የሚነሣ ምኞት በስንት ቤት ጠብ እንደሚያስነሣ አይቻለሁ። አንዱ አባት «የትውልድ መንደሬ ገብቼ ልረስ» ይላል፤ ሌላው ሚስቱ በሞተች በዓመቱ «ላግባ» ይላል፤ አንዷ እናት «ኢየሩሳሌም ካልሄድኩ» ትላለች። በእኛ ቤት ደግሞ የመጣው መኪና ነው። ጠቡ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ልጆች ይፈራሉ፣ ወላጅ ደግሞ እንደ ሕፃን የታዘዘ ይመስለዋል።

የሰው መኪና ሲያቆም የኖረ ሰው

ወንድሜ አሜሪካ የገባው በሠላሳዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ነው። እንደ ብዙ የአገራችን ልጆች መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከሕንፃ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ ነበር። ባለመኪናው ቁልፉን ይሰጠዋል፤ እሱ ወስዶ ያቆማል፤ ማታ መልሶ ያወጣል። በኋላ የራሱን ታክሲ ገዝቶ 19 ዓመት ነድቷል።

በማቆሚያው ሲሠራ አንድ ቀን ጥቁር አረንጓዴ፣ ክብ ክብ መብራት ያለው፣ አፉን የከፈተ የሚመስል ዝቅ ያለ መኪና ገባ። ድምፁ ምድር ቤቱን አናወጠው። ባለቤቱ ሽማግሌ ነበሩ። ሌላው ሰው ሁሉ ቁልፉን አስረክቦ ሲሄድ እኚህ ሰው ግን «ይህንን እኔ ራሴ አቆመዋለሁ» አሉት። ወንድሜ አልተቀየመም። «እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር» ነው ያለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉርሻውን ከደመወዙ ለይቶ በሌላ ሒሳብ ማስቀመጥ ጀመረ። እናታችንን ባስታመመ ጊዜና የሟች ታላቅ ወንድማችንን ልጆች ባስተማረ ጊዜ ያ ሒሳብ ሁለቴ ባዶ ሆኗል። ሁለቴም እንደ አዲስ ጀምሮታል።

ይህን የማያውቅ ዘመድ ግን ወሬውን ሲሰማ አፉን አልዘጋም። «በዚህ ገንዘብ ሱሉልታ ቤት ይሠራ ነበር» ያለ አለ። «ስንት ችግረኛ ዘመድ እያለ ፎርጅድ መኪና!» ያለችም አለች። ውጭ አገር ያለ ሰው ገንዘብ የሁላችንም ይመስለናልና።

ልቡ የታመመው ባለ ኮብራ

ወንድሜ በዚያ ምድር ቤት ያየው መኪና ኮብራ ይባላል። የሠራው ሰው ታሪክ ነርስ ለሆነ ሰው ከመኪናው ይልቅ ይስባል።

ካሮል ሼልቢ እ.ኤ.አ. በ1923 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የልብ ችግር ነበረበት። ዶሮ አርብቶ ከሰረና ወደ መኪና ውድድር ገባ። በ1959 ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ከእንግሊዛዊው ሮይ ሳልቫዶሪ ጋር እየተፈራረቀ ነድቶ አሸነፈ። በማግስቱ ዓመት ግን የደረት ሕመሙ ባሰበት፤ ናይትሮግሊሰሪን የተባለውን የልብ መድኃኒት ከምላሱ ሥር አድርጎ ይወዳደር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ውድድር አቆመ። ዕድሜው 37 ነበር።

መወዳደር ሲቀርበት መሥራት ጀመረ። ኤሲ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ቀላልና ቆንጆ መኪና ይሠራ ነበር፤ ጠንካራ ሞተር ግን አልነበረውም። የአሜሪካው ፎርድ ደግሞ ጠንካራ ሞተር ነበረው። ሼልቢ ሁለቱን አጋብቶ በ1962 የመጀመሪያውን ኮብራ አወጣ። በ1965 ኮብራ በዘርፉ የዓለም የአምራቾች ሻምፒዮና ሆነ። ምርቱ በ1967 ሲያበቃ የተሠሩት በሙሉ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ዋናው ኮብራ የሀብታም ሰብሳቢዎች ዕቃ ነው፤ የመጀመሪያው በ2016 በጨረታ 13.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ስለዚህ ስለ መጀመሪያው መኪና የሚነገር አንድ ቀልድ አለ። ሼልቢ በእጁ ያለው መኪና አንድ ብቻ ስለነበር ጋዜጠኞች ሊሞክሩት በመጡ ቁጥር ቀለሙን ይቀይርለት ነበር ይባላል፤ ብዙ መኪና ያለው እንዲመስል።

ሼልቢ በ1990 የሌላ ሰው ልብ ተተከለለት። በ1996 ደግሞ ኩላሊት የሰጠው የገዛ ልጁ ነው። ልቡ በተተከለ በዓመቱ የታመሙ ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። የሞተው በ2012 ነው፤ 89 ዓመት ኖሮ።

ወንድሜ ይህን ታሪክ እንደ መከራከሪያ ነበር የሚያወራልኝ። «አየሽ፣ እሱ ልቡ ታሞ ስንት ሠራ!» እኔ ግን በአስታማሚ ዓይን ሳየው ሌላ ነገር አየሁበት። ሰውየው መኪና አልተወም፤ ውድድሩን ግን ተወ። ልቡ «ይብቃህ» ያለውን ነገር ሰምቶ፣ ያላለውን ቀጠለ። ለወንድሜም ይህንኑ ነገርኩት።

ኮፒው እንዴት ይሠራል?

ዋናው በጣም ውድ ሲሆን ቅርፁን ተከትለው አዲስ የሚሠሩ ሰዎች ተነሡ። ኮብራ በዓለም ላይ በብዛት ከሚገለበጡ መኪናዎች አንዱ ነው። አንዳንዱ ገዢ ዕቃው በካርቶን ይመጣለትና ጓሮው ውስጥ ራሱ ይገጣጥማል፤ አንዳንዱ አልቆ ይረከባል። ዋጋውም እንደ ሞተሩና እንደ ሥራው ጥራት በጣም ይለያያል። ሼልቢ በሕይወት ሳለ ከአንዳንድ ገልባጮች ጋር ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቷል፤ ለአንዳንዶቹ ደግሞ ፈቃድ ሰጥቷል። የአሜሪካ መንግሥትም በ2015 ባወጣው ሕግ አነስተኛ አምራቾች ቢያንስ 25 ዓመት ያለፈውን መኪና አስመስለው በዓመት እስከ 325 ድረስ እንዲሠሩ ፈቅዷል።

የወንድሜ መኪና ሻንሲና አካሉ የተሠራው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ኮብራን የሚገለብጡ የታወቁ ፋብሪካዎች እዚያ አሉ። ያለ ሞተር በመርከብ ተጭኖ መጣ። አንድ የፔንስልቬንያ ጋራዥ ደግሞ አዲስ የፎርድ ሞተርና ካምቢዮ ገጠመለት። የዋናው ኮብራ ገላ አልሙኒየም ነው፤ የዚህኛው ፋይበር ግላስ ነው። ፍሬኑና መሪው ግን ከ1960ዎቹ ይልቅ የዘመናችን ሥራ ናቸው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ከአፍሪካ መጥተን እዚህ የተገጣጠምን ሁለት ሆንን» ብሎ ሳቀ።

በሽያጭ ወረቀቱ ላይ «ሪፕሊካ» የሚል ቃል በጉልህ ተጽፎ አየሁ። ያን ጊዜ «ፎርጅድ» የሚለው ቃል ከአእምሮዬ ወጣ። ፎርጅድ ማለት ገዢውን ያታለለ ነው። ይህ ግን ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደተሠራ፣ ዋናው እንዳልሆነ በፊርማ ተናግሮ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

የርክክቡ ቀን

ጋራዡ ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ነዳን። ወንድሜ፣ ወንድ ልጁና እኔ ነበርን። ሴቷ ልጁ አልመጣችም።

መኪናው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ጥቁር አረንጓዴ ነው። ብዙዎቹ ኮብራዎች መሀላቸው ላይ ሁለት ነጭ መስመር ስላላቸው፣ የጋራዡ ሰውዬ «መስመር እንዳይደረግበት ያልከው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ «ያ እኔ ያየሁት መስመር አልነበረውም» አለው።

ደስታ ያለ ቢሆንም ርክክቡ ሰዓታት ፈጀ። እንዲህ ያለ መኪና እየተሠራ ያለ ያህል ነውና ባለሙያው እያንዳንዱን ነገር አሳየው፤ ዘይቱ በየት እንደሚታይ፣ ባትሪው በየት እንደሚቋረጥ፣ ሞተሩ ሲግል የቱን ጌጅ እንደሚመለከት። ለመጀመሪያዎቹ መቶዎች ማይል ሮዳጅ ላይ ስለሆነ ሞተሩን አታስጩኸው፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነትም ለረጅም ሰዓት አትንዳው፣ ከዚያ መጥተህ ዘይት ቀይር አለው። የጎማውን ዳዶዎችም ጥቂት ከነዳ በኋላ እንደገና እንዲያስጠብቅ አስጠነቀቀው። ወንድሜ ሁሉን በደብተር ይጽፋል። ሠላሳ ዓመት ሲነዳ የኖረ ሰው እንደ ተማሪ ሲጽፍ ማየት አስደሰተኝ።

እኔ በበኩሌ የራሴን ጥያቄ አቀረብኩ። ፍሪሲዮኑ ምን ያህል ይከብዳል? ሰውየው ግራ እግሬን አስቀምጬ እንድሞክረው ጋበዘኝ። ከታክሲ ይልቅ ይከብዳል፤ ግን የሚገፋ ነው። ከመምጣታችን በፊት ወንድሜ የልብ ሐኪሙን አነጋግሮ፣ በሚሽከረከር መሮጫ ላይ ልቡ ተፈትኖ ነበር። ሐኪሙ መንዳት አልከለከለውም። መኪናው ቢቆም ወርዶ እንዳይገፋ፣ በቀትር ሙቀት መጨናነቅ ውስጥ እንዳይገባ፣ የምላስ ሥር መድኃኒቱንም ከኪሱ እንዳይለይ አዟል። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ነው፤ ደረትህን ካመመህ መጀመሪያ ጥግ ይዘህ ቁም፣ ከዚያ ተቀምጠህ መድኃኒቱን ውሰድ። ይህ መድኃኒት የደም ግፊት በድንገት ስለሚያወርድ እየነዱ የሚወሰድ አይደለም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለ አምቡላንስ ይጠራል። ይህ ለወንድሜ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ መድኃኒቱን የሚወስድ አንባቢ ካለ ይያዘው።

የእባቡ ንክሻ

ኮብራ እባብ ነው፤ ይህም መኪና ይነክሳል። የጭስ ማውጫው ቱቦ እንደ ሌላው መኪና ከኋላ ሳይሆን ከበሩ ሥር በጎን በኩል ያልፋል። ሲነዳ እንደ ምጣድ ይግላል። ባለኮብራዎች የሚታወቁት ባታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ነው ይባላል።

ጋራዡ ሰውዬ አስጠንቅቆን ነበር። ሆኖም የወንድሜ ወንድ ልጅ በቁምጣ ነበርና ከመጀመሪያው ሙከራ ሲመለሱ ሲወርድ ባቱን ቱቦው ላይ አሳረፈው። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ቆዳ ቀልቷል። አንዱ ሠራተኛ ቅባት ይዞ መጣ። «ቅባቱ ይቆይ፣ ቧንቧ የት ነው?» አልኩ። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ሃያ ደቂቃ አቆየሁት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩለት። ማታ ትንሽ ውኃ ቋጠረ፤ አላፈረጥነውም። በሁለት ሳምንት ዳነ።

እናቶችና አያቶች ይህን በደንብ ያዙልኝ። በአገራችን ኮብራ የለም፤ የሞተር ሳይክል የጭስ ማውጫ ግን በየሰፈሩ አለ። የቡና ጀበናና የምጣድ ቃጠሎም በየቤቱ ነው። ሕፃን ሲቃጠል ወደ ቅቤ፣ ወደ ሊጥ፣ ወደ ጥርስ ሳሙና አትሩጡ፤ እነዚህ ሙቀቱን ቆዳ ውስጥ አፍነው ይይዙታል፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። ቶሎ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሃያ ደቂቃ። በረዶም አይደረግም። ከታማሚው መዳፍ የሚሰፋ ቃጠሎ፣ እንዲሁም የፊት፣ የእጅና የብልት ቃጠሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ሦስቱ ስምምነቶች

በሚቀጥለው እሑድ ቡና አፈላሁና ሴቷን ልጁን ጠራኋት። ልጇን ይዛ መጣች። አባትየው መኪናው ቤት ውስጥ እንዳይነሣ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን «ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እሱ ነው» አልኩ።

በመጀመሪያ ገንዘቡን አነሣን። ወንድሜ ደብተሩን አምጥቶ ዘረጋው። ቤቱ ዕዳ የለበትም፤ ለሕመም ቀን የተቀመጠው አልተነካም፤ መኪናው የተገዛው በጉርሻው ሒሳብ ነው። ልጁ ይህን አታውቅም ነበር። የገዛ አባቷ በየቀኑ የሚሰጡትን አንድና ሁለት ዶላር ለይቶ ሲያስቀምጥ እንደኖረ ስታይ ዝም አለች።

ቀጥሎ ልቡ። የሐኪሙን ወረቀት አነበበች። ፋርማሲስት ናትና የሚወስደው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አደጋ ቢደርስ ደም እንደሚያበዛ አስታወሰችው። ስለዚህ የመድኃኒቶቹን ስም የያዘ ካርድ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር እንዲይዝ፣ በዝናብና በማታም እንዳይነዳ ተስማሙ።

ሦስተኛው ከባዱ ነበር። ሕፃኑ አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ «አባባ፣ መቼ ነው የምትወስደኝ?» ይላል። ወንድሜ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ በሰፈር ውስጥ» አለ። እዚህ ላይ ከልጁ ጋር ቆምኩ። በቨርጂንያ ሕግ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ሕፃናት መቀመጫ መኪና ውስጥ አይጓዝም። ይህ መኪና ደግሞ ባለ ሁለት ወንበር ነው፤ ኤርባግ የለውም፣ ጣሪያ የለውም፣ የኋላ ወንበርም የለውም። ድንገተኛ ክፍል ስሠራ አያት ጭን ላይ ጋቢና ተቀምጠው የመጡ ልጆችን ተቀብያለሁ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚጋጭ መኪና ውስጥ የአያት ክንድ የቱንም ያህል ቢወድ ልጅ አይዝም። «ቀስ ብዬ» የሚለው ደግሞ የሌላውን ሾፌር አይመለከትም።

ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አልመለሰም። ቅር ብሎታል፤ ምክንያቱም የሕልሙ ግማሽ ያ ልጅ ጎኑ መቀመጡ ነበር። በመጨረሻ «እሺ፤ ሲያድግ» አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቱቦው ቀዝቅዞ፣ ቁልፉ ከአያቱ ኪስ ሆኖ ልጁ መሪ ይዞ መቀመጥ ተፈቀደለት። ጋራዡ ተዘግቶ ሞተር እንዳይነሣም ጨመርን፤ ሽታ የሌለው የጭስ መርዝ ሳያስታውቅ ይገድላልና።

ልጁ ዛሬም መኪናውን አትወደውም። እንዳትወደው መብቷ ነው። ግን አባቷ ሲነዳ ሲወጣና ሲመለስ ስልክ ይደውልላታል፤ እሷም ታነሣለች።

ለቤተሰብ የምለው

አረጋዊ ወላጅ አንድ ነገር ሲመኝ «በዚህ ዕድሜህ?» የሚለው ቃል ቶሎ ከአፍ ይወጣል። ይህ ቃል ምኞቱን አያስቀርም፤ ወላጅ ምኞቱን ከልጆቹ ደብቆ እንዲፈጽም ግን ያደርጋል። የተደበቀ ምኞት ሐኪም አያየውም፣ የሚቆጣጠረውም የለም። በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው አንዳንድ ጉዳቶች እንዲህ የመጡ ናቸው፤ ልጆቹ እንዳያውቁበት ብቻውን መሰላል የወጣ አባት፣ ጾሟን ከመድኃኒቷ ጋር ሳታማክር የጾመች እናት።

በእሱ ፈንታ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ገንዘቡ ከየት ነው፣ ለሕመም ቀንስ ቀርቷል? ሐኪሙ ሰምቶታል፣ ምን አለ? ከዚህ ነገር የተነሣ አደጋ ላይ የሚወድቅ ሕፃን አለ? ለሦስቱ መልስ ከተገኘ፣ የቀረው የወላጁ ፈንታ ነው። ሦስተኛው ላይ ግን ድርድር የለም፤ ምኞቱ የአያት ነው፣ አደጋውን ልጅ አይከፍልም።

እናንተም ወላጆችና አያቶች፣ ምኞታችሁን ደብተራችሁን ዘርግታችሁ ንገሩ። ልጆቻችሁ የሚፈሩት እናንተን ማጣት ነው። የወንድሜ ልጅ አባቷን ሠላሳ ዓመት አውቃዋለች፤ ጉርሻ ሲያጠራቅም እንደኖረ የሰማችው ግን በዚያ እሑድ ነው።